«ቀደር ነው» የሚለው ቃል የማን ነው?



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አደጋ ሲደርስና ሰው ሲሞት ሁላችንም «ቀደር ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚወጣው ከማን አፍ ነው? ልጇን ያጣች እናት «ቀደር ነው» ስትልና ፍሬኑ መበላሸቱን እያወቀ መኪናውን ያሰማራ ባለንብረት «ቀደር ነው» ሲል አንድ ዓይነት ንግግር ነው?

ይህንን ከእኛ ሰፈር ርቆ በደረሰ አደጋ እንመልከተው። የቅርብ አደጋ ሲሆን ዘመድ አለን፣ ወገን አለን፣ ስሜት ይቀድማል። የሩቁን ግን ረጋ ብለን ማየት እንችላለን።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2009 ነው። የዚያን ዓመት ዒደል አድሓ ጁሙዓ ቀን ውሎ ነበር፤ ይህ የሆነው ከዒዱ ቀን ሁለት ቀን በኋላ፣ እሁድ ነው። በምዕራብ ካናዳ፣ ሳተርና በምትባል ትንሽ ደሴት ወደብ ላይ ስምንት ሰዎች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ገቡ። አብራሪውና ሰባት ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጨቅላ ሕፃን ነበረች።

አውሮፕላኗ የምትንደረደረው በጎማ አይደለም። ከሆዷ ሥር ሁለት ጀልባ የሚመስሉ ተንሳፋፊዎች አሏት፤ ከውሃ ላይ ትነሳለች፣ ውሃ ላይ ታርፋለች። ደሴትና ሐይቅ በበዛበት በዚያ አገር እንዲህ ያለች አውሮፕላን ልክ እንደኛ ሚኒባስ ናት። ሰው ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ዘመድ ለመጠየቅ ይሳፈርባታል። ዓይነቷ ቢቨር ይባላል። ከ1947 እስከ 1967 ድረስ የተመረተች፣ በጥንካሬዋ የተመሰገነች፣ ዛሬም ድረስ የምትበር አውሮፕላን ናት።

ጉዞው ወደ ቫንኩቨር ነበር፤ ረጅም አይደለም። ያን ቀን ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፤ እየመጣ እየሄደ ይገፋ ነበር። አውሮፕላኗ ከውሃው ተነሳች። ገና ከፍታ ሳትይዝ፣ እየዞረች ሳለ፣ ክንፎቿን ደግፎ የሚይዛት የአየር ኃይል ከዳትና ተመልሳ ውሃው ላይ ወደቀች። አብራሪውና አንድ ተሳፋሪ ወጡ። ስድስቱ ግን አልወጡም። ሕፃኗም ከስድስቱ አንዷ ነበረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አደጋውን መርምሮ በ2011 ሪፖርቱን አወጣ። ስድስቱ ሰዎች ሕይወታቸው ያለፈው አውሮፕላኗ ውስጥ እንዳሉ ሰጥመው ነው። ማለትም ከአየር ላይ መውደቁ ብቻውን አልነበረም የገደላቸው፤ መውጣት አለመቻላቸው ነው።

መርማሪዎቹ ምን አገኙ? አውሮፕላኗ አራት በሮች ነበሯት፤ ከግጭቱ የተነሳ ሁለቱ ተጣብቀው አልከፈት አሉ። አውሮፕላኗ ልትወድቅ ስትል አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አይሠራም ነበር። ጭነቱ ከተፈቀደው ልክ በላይ ወደ ጅራቷ አጋድሎ ስለነበር፣ መውደቅ ከጀመረች በኋላ አስተካክሎ መመለሱ ከበደ።

እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ እዩአቸው። የበር አከፋፈት ነው። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው። የጭነት አቀማመጥ ነው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከመነሳት በፊት ሰው እጁን ዘርግቶ ሊነካቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። ማንም ሰው እንዲሞት የፈለገ አልነበረም። ግን ስድስት ሰው ሞተ።

ቦርዱ ደግሞ ወደኋላ 20 ዓመት ተመለከተ። ውሃ ላይ ወድቀው በሰጠሙ አውሮፕላኖች ውስጥ ከሞቱት ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ የሞቱት በመስጠም መሆኑን አገኘ። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ አውሮፕላኖቹ ከውሃ ውስጥም በፍጥነት የሚከፈት መውጫ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪዎች ተንሳፋፊ ጃኬት ከመነሳታቸው በፊት ይልበሱ፤ ከወንበር ሥር ተቀምጦ አይጠብቅ። ጃኬቱን የሚያስገድደውና አብራሪዎች ከሰጠመ አውሮፕላን መውጣትን እንዲሠለጥኑ የሚያዘው ደንብ የታወጀው ግን በ2019 ነው። ስምንት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

አንድ ወንድም እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ኡስታዝ፣ አጀል አንድ ሰዓት አይዘገይም፣ አይቀድምም። ቁርኣን ነግሮናል። እነዚያ ሰዎች አጀላቸው ደርሷል። በሩ ቢከፈትስ ምን ይለወጥ ነበር?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ንቀን ልናልፈውም አይገባም። መልሱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ዘመን ተሰጥቷል።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ላይ ደረሱ። በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሰዎቹን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ)፣ ያ ታላቅ ሶሓባ፣ ከአላህ ቀደር ልትሸሹ ነውን ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል ነው። ከዚያም ምሳሌ ሰጡ፦ ግመሎችህን ይዘህ ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ዳርቻ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን?

በዚህ ምሳሌ ላይ አስቡ። ለምለሙም ቀደር ነው፣ ደረቁም ቀደር ነው። እረኛው ግን ግመሎቹን ደረቁ ላይ አሰማርቶ ሲሞቱበት «ቀደር ነው» ቢል የግመሎቹ ባለቤት ይቀበለዋል? አይቀበለውም። ግመሎቹ አማና ናቸውና።

አላህ ውጤቱን ብቻ አልጻፈም፤ ሰበቡንም ጽፏል። ጥጋብን ጽፏል፣ መብላትንም ጽፏል። ከመስጠም መዳንን ጽፏል፣ የሚከፈት በርንም ጽፏል። ከመነሳቱ በፊት በሩን የፈተሸ ሰው ከቀደር አልወጣም፤ በቀደር ውስጥ ሆኖ የታዘዘውን ፈጸመ። ሳይፈትሽ የተነሳም ከቀደር አልወጣም፤ የታዘዘውን ግን አጓደለ።

ሌላ ማስረጃ እንጨምር። በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ በስህተት ሰውን የገደለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ደንግጓል። ለሟች ቤተሰብ ዲያ (የደም ካሳ) ይከፈላል፤ ቤተሰቡ ይቅር ካላለ በቀር። ገዳዩ ራሱ ደግሞ ከፋራ አለበት፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያ ካልተቻለ ሁለት ተከታታይ ወር መጾም። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው መግደል አልፈለገም። ሟቹም የሞተው በአጀሉ ነው። «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ጉዳዩን የሚዘጋው ቢሆን ኖሮ፣ አላህ ይህን ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ለምን ያስጾመዋል?

ምክንያቱም አጀል የሟቹ ጉዳይ ነው፤ ጥንቃቄ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው። የሟቹ አጀል መድረሱ የእኛን መዝገብ አይዘጋም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሕክምና ሙያ ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ የተኛን፣ ባሕር በሚናወጥበት ጊዜ የተሳፈረን ሰውም አስጠንቅቀዋል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ጥበቃ እንደሚነሳለት የሚገልጽ ሐዲስ ተዘግቧል። ይህን ያሉት በአላህ ላይ ከሰው ሁሉ በላይ የሚመኩት ነቢይ ናቸው። በኡሑድ ዘመቻ ሁለት ጥሩር ደርበው የለበሱትም እርሳቸው ናቸው። ተወኩል ማለት ጥሩሩን ቤት ትቶ መውጣት ቢሆን ኖሮ እርሳቸው ይቀድሙን ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን ቀርተናል፣ ወይም ከመግሪብ በፊት እንቀራለን። በውስጧ አንዲት ጀልባ አለች። ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ኸድር ተሳፈሩባት፤ ኸድር ቀዳደዳት። ሙሳ ምን አደረጉ? ዝም አላሉም። «ቀደር ነው» ብለውም አላለፉም። ሰዎቿን ልታሰጥም ነውን ብለው ተቃወሙ። መጀመሪያ ያሳሰባቸው የራሳቸው ነፍስ እንኳ አልነበረም፤ የተሳፋሪዎቹ ነበር።

በእርግጥ በመጨረሻ ኸድር ምስጢሩን ገለጹ። ጀልባዋ የድሆች ነበረች፤ ደህናውን ጀልባ ሁሉ የሚቀማ ንጉሥ ነበር፤ ጉድለቱ አዳናት። ከዚህ የምንማረው ከሙሲባ በስተጀርባ እኛ የማናየው የአላህ ጥበብ መኖሩን ነው። ይህ የኢማናችን ክፍል ነው። ነገር ግን ኸድር ይህን በራሳቸው ፈቃድ እንዳላደረጉት ተናግረዋል፤ ከአላህ ዘንድ የተሰጣቸው ዕውቀት ነበር።

እኔና እናንተ ግን ኸድር አይደለንም። የተበላሸ ጀልባ አሰማርተን፣ ያልጠበቀ ብሎን ትተን፣ ከኋላው ጥበብ ይኖራል ማለት አንችልም። ጥበቡ የአላህ ነው። የእኛ ድርሻ የሙሳ ጥያቄ ነው፦ ሰዎቿን ልታሰጥሙ ነውን?

«አላህ ቢሻ ኖሮ» እያሉ ከግዴታ ማምለጥ አዲስ ነገር አይደለም። በሱረቱ ያሲን ላይ ከሰጣችሁ ሲሳይ ለግሱ ሲባሉ፣ አላህ ቢሻ ራሱ የሚያበላውን ሰው እኛ እናብላን ያሉ ሰዎች ተጠቅሰዋል። የአላህን ችሎታ ማመናቸው አልነበረም የተወገዘው፤ እውነተኛውን ቃል ለክፉ ዓላማ መጠቀማቸው ነው። ዑለማዎች ይህን በአጭሩ ሲያስቀምጡት፣ ቀደር ለደረሰብን ሙሲባ መጽናኛ ነው፣ ለሠራነው ጥፋት ግን መከራከሪያ አይሆንም ይላሉ።

ያ የካናዳ አደጋ በደረሰበት በዚያው ሳምንት፣ በሙስሊሞች አገር ሌላ የመስጠም አደጋ ደርሶ ነበር። ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ ሑጃጆች ሐጅ በሚጀምሩበት ዕለት፣ ጂዳ ላይ ጥቂት ሰዓት የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። በዚያ ከተማ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ያስታውሱታል። ዝናብ ከሰማይ ነው የሚወርደው፤ ከዝናብ በላይ «ቀደር ነው» ለማለት የሚመች ምን አለ? ነገር ግን ንጉሥ ዐብደላህ በቀናት ውስጥ የምርመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። በትእዛዛቸውም እንዲህ ያለ ዝናብ በሌሎች አገሮች ይህን ያህል ጥፋት ሳያደርስ እንደሚዘንብ አመለከቱ። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ አንድ ሚሊዮን ሪያል እንዲሰጥ አዘዙ። ከዚያም በርካታ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዝናቡ ቀደር ነው፤ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ የት ሄደ የሚለው ግን የአማና ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ የኢማን ጉድለት አይደለም።

እዚህ ላይ ሚዛን እንዳንስት እፈራለሁ። ይህን የምጽፈው በሰዎች ላይ ጣት እንድንቀስር አይደለም። የካናዳው ቦርድ ራሱ ጥፋተኛ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ሥራው ምክንያቱን ማወቅና እንዳይደገም መምከር ነው። እኛም ያን አብራሪ አናውቀውም፤ ስድስት ሰው ትቶ መውጣት በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው አላህ ነው። ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ከፋራውም ራሱ እዝነት ነው፤ ሰው የፈሰሰ ደም ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን እንዳይማቅቅ አላህ የከፈተለት የተውበት በር ነው። ሸሪዓችን የተሳሳተን ሰው አይረግጠውም፤ ግን «ምንም አልሆነም» ብሎም አያሰናብተውም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሳያውቁ መሳሳት አይደለም። እያወቁ መተው ነው። ትናንት የታየ ጉድለት፣ «ነገ እናስተካክለዋለን» የተባለ፣ ነገ ሲመጣ «እስካሁን ምን ሆነ?» የተባለ። እስካሁን አለመሆኑ የአላህ ጥበቃ ነው። እኛ ግን ጥበቃውን እንደ ፈቃድ እንቆጥረዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለች አውሮፕላን አይሳፈርም። ግን ሁላችንም የሆነ በር በእጃችን ነው።

ሹፌር ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዘው ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ አራት ሰው ስትጭን የእነዚያ ሰዎች ነፍስ ካንተ ዘንድ አማና ነው። ባለንብረት፣ ቦሎውን መለጠፍህ ሳይሆን ፍሬኑን ማሠራትህ ነው አላህ ዘንድ የሚጠየቀው። ኮንትራክተር፣ ከሲሚንቶው የቀነስከው ግድግዳ ውስጥ ተደብቋል፤ ከአላህ ግን አልተደበቀም። የፋርማሲ ባለሙያ እህቴ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከመደርደሪያው አንሺ። ኤሌክትሪሺያን፣ ሽቦውን ጥሩ አድርገህ ጠቅልል፤ ግድግዳውን የሚነካው ሕፃን ሊሆን ይችላል። የመድረሳ ኃላፊ፣ ልጆቹ የሚወጡበት በር ወደ የት ነው የሚከፈተው? ከውጭ ትቆልፉታላችሁ?

ተሳፋሪውም ድርሻ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተዋል። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት የራሳቸውን ቦታ ሊቦረቡሩ ፈለጉ። ከላይ ያሉት ዝም ካሏቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። እኛ ዘንድ «ቀስ በል» ያለ ተሳፋሪ «ከፈራህ ውረድ» ይባላል፤ ሌሎቻችን ደግሞ በመስኮት እናያለን። ያ ሰው ፈሪ አይደለም። የመርከቡን ሐዲስ እየተገበረ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ብቻውን አትተዉት።

የመሳፈሪያ ዱዓችንን እናድርግ፤ አትተዉት። ግን ዱዓው በውስጡ ወደ ጌታችን ተመላሽ መሆናችንን ያስታውሰናል። ተመላሽ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ደግሞ የሚጠየቅበትን ነገር ይፈትሻል። ዱዓና ፍተሻ አብረው ይሄዳሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ግመልን አስሮ መመካት ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለሐዘንተኞች። በመካከላችን በመኪና፣ በጎርፍ፣ ወደ ስደት ሲሄዱ በባሕር ላይ ሰው ያጡ አሉ። እህቴ፣ ወንድሜ፣ «ቀደር ነው» የሚለው ቃል የእናንተ ነው። አላህ ለእናንተ ነው ያወረደው። «ያን ቀን ባልላክሁት፣ ባላስነሳሁት» እያላችሁ ራሳችሁን አትግረፉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካለፈ በኋላ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ማለት ለሸይጧን በር እንደሚከፍት ነግረውናል። በውሃ ሰጥሞ የሞተ ሙእሚንም ከሸሂዶች እንደሚቆጠር አስተምረዋል። በዚህ ተጽናኑ።

ግን ያው ሐዲስ እንዴት እንደሚጀምር አስተውሉ። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» አትበል ከማለታቸው በፊት፣ ለሚጠቅምህ ነገር ትጋ፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ አለ። መጀመሪያ ትጋት፣ ቀጥሎ እርዳታ መለመን፣ ከዚያ በኋላ የደረሰው ከደረሰ መቀበል። እኛ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ይዘን የመጀመሪያውን እንጥላለን። ለቅሶ ቤት የምናውቀውን ሐዲስ ጋራዥ ውስጥ እንረሳዋለን።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንሥራ። እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን አንድ «በር» እንፈትሽ። የምናውቀው፣ ስናስተላልፈው የቆየን ጉድለት አለ። ቅዳሜ ሳይመሽ እናስተካክለው። በእርሱ ምክንያት የዳነውን ሰው ምናልባት በዱንያ ላይ አናውቀውም፤ እርሱም አያውቀንም። አላህ ግን ያውቀዋል።

አላህ ሆይ! በየመንገዱ፣ በየባሕሩና በየሰማዩ ያሉትን ተጓዦች ጠብቅ። በአማና የሰጠኸንን የሰው ነፍስ የምንጠብቅ አድርገን። የሞቱብንን እዘንላቸው፣ ሐዘንተኞችን በሶብር አጽናቸው። ባለማወቅ የሰው ሕይወት በእጃቸው ያለፈባቸውንም ተውበታቸውን ተቀበል፣ ልባቸውን ጠግን። ቀደርህን ወደን የምንቀበል፣ ትእዛዝህን ግን የማንጥል ባሮች አድርገን። አሚን።

በዛሬው ዕለት በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።